«ሞተሩ ሞቷል» የተባለችው አር-ኤክስ 8፦ አንድ ጀማሪ የሮታሪ ሞተር ካንዴላ ሲቀይር

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ2005 ማዝዳ አር-ኤክስ 8 ናት። ማርሿ ማንዋል ነው። ባለቤቷ ሜሪላንድ የሚኖር ወጣት ሲሆን ሁለተኛ እጅ ነው የገዛት። ልጁ ከዚያ በፊት በገዛ እጁ የቀየረው ነገር ቢኖር ጎማ ብቻ ነው።

ብዙም ሳትቆይ ማስቸገር ጀመረች። ጠዋት ቀዝቅዛ ስትነሳ ደህና ናት። ነዳጅ ማደያ ቆማ፣ ሞተሩ እንደሞቀ ሲያስነሳት ግን ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሹ የኤሌክትሪክ ሞተር) ለረጅም ጊዜ ይዞራል፤ እሷ ቶሎ አትነሳም። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጣት ቆማ ስትሠራ፣ ትንቀጠቀጣለች። ዳገት ላይ ጠንከር አድርጎ ጋዝ ሲሰጣት የቼክ ኢንጂን መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ከኋላ ያልተቃጠለ ቤንዚን ይሸታል።

ጋራዥ ወሰዳት። ኮምፒውተር ሰክተው ፒ0302 የሚል፣ ነዳጁ በትክክል እንዳልተቃጠለ የሚናገር የብልሽት ኮድ አገኙ። ቀጥለው ለተለመደው የፒስቶን ሞተር የሚሠራውን የኮምፕሬሽን (ሞተሩ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት) መለኪያ አስገቡና ለኩ። ውጤቱን ሲነግሩት «ሞተሩ ሞቷል፤ ወይ ሌላ ሞተር ግዛ፣ ወይ እንዳለች ሽጣት» አሉት። ማዝዳ አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ሞተር ዋና አካል የሰጠው የተራዘመ ዋስትና 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ነበር። የ2005 መኪና ይህን ካለፈች ቆይታለች። ስለዚህ ሌላ ሞተር ማለት ሙሉ ወጪው ከልጁ ኪስ ነው፤ ለመኪናዋ ከከፈለው ሊበልጥም ይችላል።

ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ልሽጣት ይሻላል ይላሉ?» አለኝ። መጀመሪያ ካንዴላዎቹን፣ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን፣ አውጥተን እንያቸው አልኩት።

እንዲህ ያልኩት ለማጽናናት አይደለም። የጋራዡ ምርመራ ሁለት ቦታ ላይ አላሳመነኝም። አንደኛ፣ የፒስቶን ኮምፕሬሽን መለኪያ እንደዚህኛው በፒስቶን ፋንታ የሚዞር ሮተር ላለው የሮታሪ ሞተር አይበቃም። ለምን እንደማይበቃ ከታች እመለስበታለሁ። ሁለተኛ፣ ለመለካት ያወጡት ካንዴላ ለእጅ የሚቀርበውን የፊተኛውን ነበር። ፒ0302 የሚከሰው ግን ሁለተኛውን፣ ማለትም የኋለኛውን ሮተር ነው። በመኪናዋ ላይ የተነበበው ክስ ኋላ፣ ምርመራው ፊት።

ሥራውን ለመረዳት ይህ ሞተር እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። የሮታሪ ሞተር ሐሳብ የጀርመናዊው የፊሊክስ ቫንክል ነው። የመጀመሪያው ሞተር ኤንኤስዩ በተባለው የጀርመን ኩባንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1957 ሠራ። ነገሩን በጽናት ይዞ የቀጠለው ግን የሂሮሺማው ማዝዳ ነው። ከ1967ቱ ኮስሞ ስፖርት ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት ሮታሪ መኪና ሲሠራ ኖሯል። አር-ኤክስ 8 ላይ ያለው ሞተር ሬኔሲስ ይባላል፤ ሁለት ሮተር አለው፣ እያንዳንዱ 654 ሲሲ ነው። ሲደመር 1.3 ሊትር ገደማ ይሆናል።

ፒስቶን የለውም። የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭም የለውም። ሮተሩ ጎኖቹ ትንሽ እንዳበጡ ሳምቡሳ ሦስት ማዕዘን ነው፤ በቤቱ ውስጥ ይዞራል። በእያንዳንዱ ጎንና በቤቱ ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋ አየርና ነዳጅ ይስባል፣ ሲጠብ ያምቃል፣ ከዚያ ይቃጠላል፣ ከዚያ ይወጣል። ሦስቱ ማዕዘኖች ጫፍ ላይ አፔክስ ሲል የሚባሉ ቀጫጭን ማሸጊያዎች አሉ። አንዱን ክፍተት ከሌላው የሚለዩት እነሱ ናቸው። ሞተሩ ሞተ የሚባለው ብዙ ጊዜ እነዚህ ሲያልቁ ወይም ሲሰበሩ ነው።

የካንዴላው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ብልጭታው በሚፈነጥቅበት ሰዓት ክፍተቱ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ባለበትም አይቆምም። አንድ ካንዴላ ብቻውን እሳቱን ከዳር እስከ ዳር በጊዜው ማድረስ አይችልም። ስለዚህ ለአንድ ሮተር ሁለት ካንዴላ ተሰጠው። የታችኛው ሊዲንግ ይባላል፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። የላይኛው ትሬይሊንግ ነው፤ የቀረውን ለማቃጠል ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ1991 የሌ ማንን የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ያሸነፈው የማዝዳ 787ቢ እንዲያውም ለአንድ ሮተር ሦስት ካንዴላ ነበረው። የእኛዋ መኪና በድምሩ አራት አላት።

አራቱ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቶዮታ ኮሮላ የለመደ ሰው አራት ካንዴላ ሲባል አራት አንድ ዓይነት ካንዴላ ይገዛል። አር-ኤክስ 8 ላይ የካንዴላ አምራቹ የኤንጂኬ ቁጥር ለሊዲንግ አርኢ7ኤ-ኤል ነው፣ ለትሬይሊንግ ደግሞ አርኢ9ቢ-ቲ። በኤንጂኬ አቆጣጠር ቁጥሩ ከፍ ሲል ካንዴላው ቀዝቃዛ ነው ማለት ነው፤ ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል። ላይኛው ቦታ ቀዝቃዛውን ይፈልጋል። ታችኛው ሞቅ ያለውን ይፈልጋል፣ ካልሆነ የሚከማችበትን ጥቀርሻ ራሱ አቃጥሎ መጥረግ አይችልም።

ቀዳዳዎቹም ይለያያሉ። ትሬይሊንግ ካንዴላው ወደ ማቃጠያው ክፍተት የሚያይበት ቀዳዳ በጣም ጠባብ ነው። አፔክስ ሲሉ በላዩ ሲያልፍ ከፊቱና ከኋላው ያለው ግፊት እኩል አይደለም፤ ቀዳዳው ሰፊ ቢሆን ግፊቱ በዚያ በኩል ሾልኮ ይባክን ነበር። እንዲህ ያለ የተሰላ ነገር ሳይ ለሠሩት መሐንዲሶች ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

ካንዴላዎቹ ለምን ቶሎ እንደሚያልቁም ከዚሁ ይገባል። የተለመደው ባለ አራት ምት ፒስቶን ሞተር ላይ አንድ ካንዴላ በሁለት ዙር አንዴ ይፈነጥቃል። ሮታሪ ላይ ዋናው ዘንግ አንድ በዞረ ቁጥር አንዴ ይፈነጥቃል፣ እጥፍ ማለት ነው። ማንዋሉ ሞተር እስከ 9,000 ዙር በደቂቃ ይሄዳል፤ በዚያ ፍጥነት አንዱ ካንዴላ በሴኮንድ 150 ጊዜ ይፈነጥቃል። በዚህ ላይ ሞተሩ አፔክስ ሲሎቹን ለማለስለስ ሆን ብሎ ትንሽ ዘይት ወደ ማቃጠያው ይረጫል። ዘይቱ አብሮ ይቃጠልና ካንዴላው ላይ ጥቀርሻ ይተዋል። ለዚህ ነው በየ30,000 ማይሉ፣ ወደ 48,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ይቀየሩ የሚባለው። ልጁ የቀድሞው ባለቤት መቼ እንደቀየራቸው ጠይቆ ነበር። «በቅርቡ» ከሚል ቃል በቀር ደረሰኝ አላገኘም።

ሥራው ሊጀመር ሲል አንድ ነገር ከለከልኩት። መኪናዋ የቆመችው ተዳፋት ላይ ነበር። አስነስቶ ጥቂት ሜትር ወደ ሜዳው ሊያንቀሳቅሳትና ወዲያው ሊያጠፋት አስቧል። ሮታሪ ይህን አይወድም። ቀዝቅዞ ሲነሳ ብዙ ነዳጅ ይሰጠዋል፤ ሳይሞቅ ካጠፉት ነዳጁ ካንዴላዎቹን ያረጥባቸዋል፣ በማሸጊያዎቹ ላይ ያለውንም የዘይት ሽፋን ያጥበዋል። ከዚያ ቢያሽከረክሩትም አይነሳም። የሮታሪ ባለቤቶች ሞተሩ ሰጠመ የሚሉት ይህንን ነው። ስለዚህ አንዴ ከተነሳች የሙቀቱ መርፌ መሐል እስኪደርስ ንዳት፣ ከዚያ ሜዳው ላይ አቁማት አልኩት። እንዲያ አደረገ፤ ሌሊቱን ቀዝቅዛ አደረች። መቀዝቀዟ ግዴታ ነው። የሮተሩ ቤት አሉሚኒየም ነው፤ ሞቆ እያለ ካንዴላ ለመፍታት የታገለ ሰው የክሩን ጥርስ ይዞት ሊወጣ ይችላል።

ሌላው ለጀማሪ ግር የሚለው ካንዴላዎቹ ያሉበት ቦታ ነው። ኮፈኑን ከፍተህ ብትፈልግ አታገኛቸውም። ያሉት በሞተሩ ግራ ጎን ታች ነው። መንገዱ በግራው የፊት ጎማ በኩል ነው። ስለዚህ የእጅ ፍሬኑ ተያዘ፣ ለኋላ ጎማዎች ታኮ ተደረገ፣ የጎማው ዳዶዎች መኪናዋ መሬት እያለች ላላ ተደረጉ። ከዚያ በክሪክ ተነሳች። ከተነሳች በኋላ በትክክለኛው ቦታ ላይ የብረት መደገፊያ ገባላት። ይህን ሳታደርግ እጅህን ወደ ውስጥ እንዳትከት። ክሪክ ማንሻ ነው፣ መደገፊያ አይደለም። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ስለገባ ሰው የሰማሁት ታሪክ ሁሉ አሳዛኝ ነው።

ጎማው ሲወጣ፣ በፍሬኑና በሱስፔንሽኑ ክንዶች መካከል አሻግረህ ስታይ የላስቲክ ኮፍያ ያደረጉ አራት የካንዴላ ጫፎች ይታያሉ። ሁለቱ ፊት፣ ሁለቱ ኋላ። የፊተኞቹ ለእጅ ይመቻሉ። የኋለኞቹን ግን ብዙውን ጊዜ በዓይን ሳይሆን በጣት ነው የምታገኛቸው። መሪውን ወደ አንድ ጎን ሙሉ ማዞር ትንሽ ቦታ ይሰጣል።

ገመዶቹን ከመንካታችን በፊት በነጭ ፕላስተር ምልክት አደረግንባቸው፦ የፊት ታች፣ የፊት ላይ፣ የኋላ ታች፣ የኋላ ላይ። አንድ ካርቶን ላይም አራት ክብ ስሎ በእነዚሁ ስሞች ሰየማቸው፤ የወጣው ካንዴላ እዚያ ላይ ይቀመጣል። ይህ ለልጁ ትርፍ ሥራ መስሎት ነበር። እኔ ግን ያለዚህ አልጀምርም። አራቱ ካንዴላዎች አራት ምስክሮች ናቸው፤ ከየት እንደመጡ ካልታወቀ የሚናገሩት ነገር ዋጋ የለውም።

ኮፍያውን ሲያወጣ ገመዱን አልጎተተም። ኮፍያውን ራሱን ይዞ ግራና ቀኝ እያዞረ ሳበው። በካንዴላው ዙሪያ ያለውን አሸዋና አቧራ በብሩሽና በአየር አጸዳን፤ አለበለዚያ ካንዴላው ሲወጣ ቆሻሻው ወደ ሞተሩ ይገባል። የሚፈታው በ13/16 ኢንች የካንዴላ ሶኬት ነው፣ ከማራዘሚያ ጋር። የመጀመሪያው አልነቃነቅ ሲለው ልጁ በመዶሻ ራቼቱን (የሶኬቱን እጀታ) ሊመታው አሰበ። አያስፈልግም። ሶኬቱ ቀጥ ብሎ መቀመጡን ማረጋገጥና አንድ ወጥ ኃይል መስጠት በቂ ነው። ሲላቀቅ ቀጭን «ጪጭ» የሚል ድምፅ አሰማ፤ ከዚያ በጣት ወጣ።

ካንዴላ ሲወጣ ብቻ የሚገኝ አንድ ዕድል አለ። የሞተሩን ትንፋሽ መስማት ይቻላል። የቦቢናዎቹን (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚልኩትን) ሶኬት ነቀልን፣ ብልጭታ እንዳይኖር። ልጁ ገብቶ ፍሪሲዮኑን ረገጠ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን አረጋገጠ፣ የነዳጁን ፔዳል እስከ ወለሉ ጫነ። ይህ መኪና ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ተጭኖ ሞተሪኖ ሲዞር ነዳጅ መርጨት ያቆማል። እኔ ጎማው በወጣበት በኩል፣ ፊቴን ከቀዳዳው አርቄ ጆሮዬን ሰጠሁ። አካባቢው ላይ ሲጋራም ሆነ ሌላ እሳት መኖር የለበትም።

ሮተሩ ሦስት ጎን ስላለው ሦስት ትንፋሽ ይሰማል። ጤነኛ ሞተር «ፉፍ፣ ፉፍ፣ ፉፍ» ይላል፣ እኩል እኩል። አንድ አፔክስ ሲል ከተሰበረ በግራና በቀኙ ያሉት ሁለት ጎኖች ይደክማሉ፤ ስለዚህ አንድ ጠንካራ፣ ሁለት ደካማ ይሰማል። የፒስቶን መለኪያ ለዚህ ሞተር የማይበቃውም በዚህ ምክንያት ነው። መርፌው ከሦስቱ ጎኖች የበረታውን ይዞ ያሳያል እንጂ ሦስቱን ለይቶ አይነግርህም። የፊተኛው ሮተር እኩል ተነፈሰ። የኋለኛውም እኩል ተነፈሰ፤ ትንሽ ለስለስ ያለ ነው፣ ግን ሦስቱም አሉ። ይህ ሚዛን ላይ የወጣ ቁጥር አይደለም። ሆኖም የተሰበረ ነገር እንደሌለ ለማመን በቂ ነበር።

ከዚያ ወደ ካንዴላዎቹ መለስ አልን። የፊተኞቹ ሁለቱ ጫፋቸው ግራጫ ቡናማ ነው፣ ክራቸው ላይ ትንሽ ዘይት አለ። ልጁ ዘይቱን ሲያይ ደነገጠ። ኮሮላ ላይ ቢሆን እኔም እጨነቅ ነበር፤ ሮታሪ ላይ ግን በሥርዓቱ የሚረጨው ዘይት ስለሆነ ትንሽ ዘይት የተለመደ ነው። ያረጁ ናቸው፣ በልክ የሠሩ ናቸው።

የኋላው የታችኛው ሲወጣ ነገሩ ሌላ ሆነ። ጫፉ ጥቁር ነው፣ በቤንዚን ርሷል። በጨርቅ ነጩን ሸክላ ጠረግኩና ለልጁ ሰጠሁት። «አንብበው።»

«ዘጠኝ ይላል።»

«የየትኛው ቦታ ነው ዘጠኝ?»

ካርቶኑን አየ። የአዲሶቹን ካንዴላዎች ካርቶን አየ። «የላይኛው ነው፣ ጋሼ።»

የኋላውን የላይኛውን አወጣን። ሰባት ይላል። ሸክላው ነጣ ብሏል፤ የሙቀት ምልክት ነው። ከዚህ በፊት የሠራው ሰው የማይታየው ቦታ ላይ በዳሰሳ ሲሠራ ሁለቱን አዟዙሮ አስገብቷቸዋል። ክራቸው ስለሚገጥም ይገባሉ፤ የሚከለክልህ ነገር የለም። ቀዝቃዛው ካንዴላ ዋናው ሥራ ያለበት ታችኛው ቦታ ላይ ተቀምጦ ጥቀርሻውን ማቃጠል ስላልቻለ ታፍኗል። ሞቃቱ ደግሞ ቀዝቃዛ በሚፈልገው ላይኛው ቦታ ላይ ሲጋገር ከርሟል። የኋላው የታችኛው ገመድ ኮፍያ ውስጥም ቀጭን ጥቁር መስመር አየን፤ ብልጭታው ወደ ካንዴላው ጫፍ መድረስ ትቶ በጎን የሾለከበት መንገድ ነው።

አዲሶቹን ማስገባት ከማውጣቱ ይቀላል ይባላል። እኔ ግን የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልገው ይሄኛው ነው እላለሁ። የወጣ ካንዴላ ቢበላሽ ይጣላል፤ የቤቱ ክር ቢበላሽ ግን ሞተሩ ነው የተጎዳው። አንድ አንድ እያልን ሄድን፤ አንዱ ገብቶ ገመዱ ሳይሰካ ወደ ሌላው አልተሻገርንም። የጫፉን ክፍተት አልለካንም፣ አላስተካከልንም። የእነዚህ ጫፎች ከፋብሪካ ተስተካክለው ነው የሚመጡት፤ በካቻቪቴ ወይም በፒንሳ የነካቸው ሰው ያበላሻቸዋል።

ለኋለኞቹ አንድ የድሮ ዘዴ አለ። በካንዴላው ሸክላ ጫፍ ላይ ልክ የሚሆን አጭር የላስቲክ ቱቦ ትሰካለህ። ቱቦውን በጣትህ እያዞርክ ክሩን ታስጀምራለህ። ካንዴላው ተጣሞ ከገባ ቱቦው ራሱ ይንሸራተታል፣ ክሩን የመቅደድ አቅም የለውም። ራቼት ግን አቅም አለው፣ አይነግርህም። ልጁ የኋላውን የታችኛውን ሁለቴ አስጀምሮ ቱቦው ተንሸራተተበት። በሦስተኛው ወደ ግራ ትንሽ መለስ አድርጎ፣ ክሩ «ጠቅ» ሲል ጠብቆ አዞረው፤ እስከ መጨረሻው በጣት ሄደ።

ክሩ ላይ ቅባት ይደረግ ወይስ አይደረግ የሚለው በሮታሪ ሰዎች ዘንድ የማያልቅ ክርክር ነው። ኤንጂኬ ካንዴላዎቹ ክራቸው የተለበጠ ስለሆነ አያስፈልግም ይላል፤ ቅባት ሲኖር ከመጠን በላይ የመጥበቅ አደጋ አለ። እኔ ለጀማሪ ያለ ቅባት እመርጣለሁ። ልምድ ያለው ሰው ለዓመታት ቀብቶ ምንም አልሆነም ቢል አምነዋለሁ፤ የእጁን ልክ ስለሚያውቅ ነው። ጀማሪ ግን አያውቅም። ስለዚህ የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቶርክ ሬንች ተዋስንና ማዝዳ ባስቀመጠው ልክ፣ ከ13 እስከ 17 ኒውተን ሜትር ባለው ውስጥ አጠበቅን። ይህ በጣም ትንሽ ኃይል ነው። ልጁ ሬንቹ «ቀጭ» ሲል «በቃ? ይህቺው ናት?» አለ። አዎ፣ ይህቺው ናት። በክንድ ጉልበት አጥብቆ የለመደ ሰው የአሉሚኒየም ክር የሚያበላሸው እዚህ ነው።

ጎማው ተመለሰ፣ መኪናዋ ወረደች፣ ዳዶዎቹ መሬት ላይ ጠበቁ። ውስጥ የቀረ ነዳጅ ካለ እንዲወጣ መጀመሪያ ፔዳሉን ወለል ድረስ ጭኖ ለጥቂት ሴኮንድ አሽከረከራት። ከዚያ ፔዳሉን ለቆ ሞከረ። ነጭ ጭስ ለቀቀች፣ ተነሳች። ሚኒሞዋ ረጋ። ኮዱን አጥፍተን ሸኘሁት።

ነገሩ ግን እዚያ አላለቀም። ሀይዌይ ለመግባት ጠንከር አድርጎ ሲነዳ መብራቱ እንደገና ብልጭ አለ። ወዲያው ጋዙን ለቀቀና ደወለ። ጋዙን በመልቀቁ በጣም ደስ አለኝ። ብልጭ ድርግም የሚል ቼክ ኢንጂን ዝም ብሎ ከሚበራው ይለያል፤ ነዳጁ ሳይቃጠል እያለፈ ነው ማለት ነው። ያ ነዳጅ የጭስ ማጣሪያው፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ገብቶ ይቃጠላል። ኮንቨርተሩ ከልክ በላይ ግሎ ውስጡ ይቀልጣል፣ ይዘጋል። መውጫ ያጣው ሙቀት ወደ ሞተሩ ይመለሳል። በዚህ መንገድ ስንት ደህና ሮታሪ በካንዴላና በቦቢና ምክንያት እንደሞተ ማሰብ ያሳዝነኛል።

ኮዱ አሁንም ፒ0302 ነው። ካንዴላው አዲስ ነው፣ ቦታው ልክ ነው። ስለዚህ ጥርጣሬው ወደ ቦቢናው ሄደ። አር-ኤክስ 8 አራት ቦቢና አላት፣ ለእያንዳንዱ ካንዴላ አንድ። አራቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሚገኙትም በሞተሩ ላይ፣ ለእጅ በሚመች ቦታ ነው። ይህ ለጀማሪ ትልቅ ስጦታ ነው፤ አንድ ሳንቲም ሳያወጣ መመርመር ይችላል። የኋላውን የታችኛውን ቦቢና ከፊት የታችኛው ጋር ቦታ አቀያየርን። ኮዱን አጥፍቶ ያንኑ መንገድ ነዳ። ኮዱ ፒ0301 ሆኖ መጣ። ችግሩ ከኋላ ሮተር ወደ ፊት ሮተር ተዛወረ፣ ቦቢናውን ተከትሎ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ አያስፈልግም።

አንዱን ብቻ ይቀይር ወይስ አራቱን? ልጁ ገንዘቡን አስቦ አንዱን ብቻ አለ። እኔ አራቱንም ከነገመዶቹ አልኩት። አራቱ እኩል ዕድሜ አላቸው፣ እኩል ሙቀት ላይ ሠርተዋል፤ በብዙ ባለቤቶች ዘንድ የዚህ መኪና ቦቢና በ30,000 ማይል ዙሪያ መድከም እንደሚጀምር የታወቀ ነው። ሌላው ቦቢና ሲሄድ ኮንቨርተሩን ይዞ ከሄደ የተቆጠበው ገንዘብ እጥፍ ሆኖ ይወጣል። ለአዲሶቹ ጥቂት መታገስ ነበረበት፤ እስከዚያ መኪናዋ ቆመች።

አዲሶቹ ከገቡ በኋላ ያው ዳገት ላይ፣ ያው ሀይዌይ መግቢያ ላይ መብራቱ አልበራም። የቤንዚኑ ሽታ ጠፋ። ሞቃ ስትነሳ ቀድሞ የነበረው ረጅም መንገራገር በጣም አጠረ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም። ይህን ማለፍ አልፈለግኩም። ሞቆ በሰነፍ የሚነሳ ሮታሪ ብዙ ጊዜ የኮምፕሬሽን ነገር አለበት። ስለዚህ ሦስቱንም ጎኖች ለይቶ የሚለካ የሮታሪ መለኪያ ያለው ባለሙያ ዘንድ ሄዶ በሞቀ ሞተር አስለካ። ማዝዳ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ልክ በ250 ዙር በደቂቃ 680 ኪሎ ፓስካል ነው። ስድስቱም ጎኖች ከዚያ በላይ ወጡ። የኋለኛው ሮተር ከፊተኛው ዝቅ ይላል፣ በልኩ ውስጥ ግን ነው።

መኪናዋን መሸጡን ትቶታል። ሁለት ነገር እንዲይዝ ነገርኩት። አንደኛው ዘይት ነው፦ ይህ ሞተር በአሠራሩ ዘይት ስለሚበላ ነዳጅ በቀዳ ቁጥር ወይም ቢበዛ በሁለተኛው የዘይቱን ልክ ማየት አለበት፤ ዘይት ያነሰው ሮታሪ ማሸጊያዎቹን ራሱ ይበላል። ሁለተኛው መዝገብ ነው። ካንዴላና ቦቢና የገቡበትን ማይል፣ የኮምፕሬሽኑን ስድስት ቁጥሮችም ጽፎ ከሰነዶቹ ጋር አስቀምጧል። በዓመቱ ደግሞ ያስለካና የኋለኛው ሮተር ቁጥር ወርዶ እንደሆነ ከዚህ ጋር ያስተያየዋል።